ከጉልቻ እስከ ብሩሽ፤ የእንጦጦ ጭስ ታሪክ

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ አጋማሽ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ የመረጡት ስፍራ ጠላትን ከሩቅ ለማየት የሚመች፣ ለመኖር ግን የሚያንዘፈዝፍ ነበር። የተራራው ራስ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትርን ያልፋል። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በክረምት ደግሞ ጉሙ ከቀትር በኋላ ወርዶ እስከ ማግስቱ ረፋድ አይነሳም። እንዲህ ባለ ቦታ ሠራዊቱ፣ ካህናቱና መኳንንቱ ከነአገልጋዮቻቸው ሲሰፍሩ ከመሬትና ከውኃ እኩል የሚያስጨንቀው ማገዶ ነበር። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው በቅርብ ስለነበር ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንም አልተቸገረም።

በዚያ ዘመን እንጦጦ ላይ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ምድጃው መሐል ቤት ነው፤ በሦስት ጉልቻ መካከል እሳቱ ይነዳል፣ ጭሱም ወደ ላይ ወጥቶ በሣር ክዳኑ ውስጥ እያጠለለ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ጭሱ ሣሩንና ማገሩን ከምስጥ ይጠብቃል፤ ለዘር የተሰቀለውን እህል ከነቀዝ ያድናል። ከጣሪያው ሥር የሚንጠለጠለው ጥቀርሻም የሚጣል ነገር ብቻ አልነበረም። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ ዋናው ግብዓታቸው ጥላሸት ነው፤ ከሙጫና ከተቃጠለ እህል ጋር እያሹ፣ እያበሰሉ፣ ለረጅም ጊዜ እያስቀመጡ ያዘጋጁታል። ዛሬ በየገዳማቱ የምናያቸው መጻሕፍት በምድጃና በድስት ቂጥ ጥላሸት የተጻፉ ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ጥቀርሻው ሲበዛ ወጥ ውስጥ እንዳይወድቅ ይጠረጋል። መሣሪያው ቀላል ነው፤ የሣር መጥረጊያ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ይታሰርና የቤቱ ጣሪያ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ይራገፋል። የዚህ ሁሉ ዋጋ ግን በሌላ በኩል ተከፍሏል። ከምድጃው ሥር ስታራግብ የምትውለው ሴት ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ እያሳላት ኖራለች። ዜና መዋዕል ስለ እሷ ሳል የጻፈው ነገር የለም።

ስለ ግብሩ ግን ተጽፏል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጣይቱ ብጡል፣ ገና እቴጌ ሳይባሉ፣ ለቀናት የዘለቀ ግብር አበሉ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዘገቡት ይህ ድግስ በእንጀራው፣ በወጡ ዓይነትና በጠጁ ብዛት ይታወሳል። እኔ ስለ ድግሱ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ግን ከማድ ቤቱ ጀርባ የተከመረው እንጨት ነው። እንጀራ የሚጋገረው ሰፊ ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል በሚፈጅ እሳት ነው። የአንድ ቤተሰብ እንጀራ እንኳን ሸክም ማገዶ ይበላል፤ የሺዎች እንጀራ ጫካ ይበላል። ምኒልክ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ የተራራው ደን ክፉኛ ሳስቶ ነበር።

ከተማው በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውኃ መውረድ ጀምሮ አዲስ አበባ ሲባል የማገዶው ችግር አብሮ ወረደ። ሕዝቡ በዛ፣ እንጨት የሚቆረጥበት ርቀትም ከዓመት ዓመት ረዘመ። ያን ጊዜ ደግሞ ከተማ መቀየር ለቤተ መንግሥቱ ብርቅ አልነበረም፤ አንኮበር፣ ልቼ፣ ወጨጫ፣ እንጦጦ እያሉ የመጡ ናቸው። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በስተምዕራብ፣ ደን ባልጠፋበት አገር፣ አዲስ ዓለም ብለው ሌላ ከተማ ማሠራት ያዙ። አዲስ አበባ እንደ ቀዳሚዎቹ የተተወ ሰፈር ሆና ልትቀር ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ያተረፋት አንድ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የንጉሡ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊ ሞንዶን ቪዳዬ አስመጣው የሚባለው ባሕር ዛፍ በእንጦጦ ቀዝቃዛ አፈር ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ ከቤት በላይ ያድግ ጀመር። ተቆርጦም አይሞትም፤ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ችግኙን በርካሽ አከፋፈሉ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነፃ አደረጉ። ሰው ለግብሩም ለገበያውም ሲል ተከለ። አዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዋና ከተማው ባለበት ረጋ። ዛፉ ውኃ ያደርቃል የሚለው ስሞታ ያኔም ነበር። በ1905 ዓ.ም. ግድም ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ተነቅሎ የሐር ትል የሚመገበው እንጆሪ ዛፍ ይተካበት የሚል ትእዛዝ ወጥቶ፣ ፈጻሚ አጥቶ ቀረ። ማገዶ የራበው ከተማ ምድጃውን በአዋጅ አያጠፋም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ የካ ይዞራል። ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት ወዳጅነት ፈልገው ሲጎርፉ ምኒልክ ለለጋሲዮኖቻቸው (ለዲፕሎማቶቻቸው መቀመጫ) መሬት የሰጡት በአብዛኛው በከተማው ሰሜን ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በቀበናና በየካ በኩል ነበር። እንግሊዞች፣ ሩሲያዎች፣ ጣልያኖች፣ ፈረንሳዮች በዚያው ዙሪያ ተከሉ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዛሬም የሰፈር ስም ነው። መጀመሪያ እነሱም የኖሩት እንደ እኛው በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ነው። የእንግሊዙ ሚኒስትር ልጅ፣ በኋላ በበረሃ ጉዞዎቹ ስመ ጥር የሆነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. የተወለደው በእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ ካሉት ጎጆዎች በአንዱ ነው። የድንጋዩ ቤት ገና አላለቀም ነበር።

የድንጋይ ቤቶቹ ሲቆሙ፣ የመኳንንቱና የነጋዴዎቹም ቤት በአርመንና በሕንድ ግንበኞች እጅ ሲሠራ፣ በከተማው ሰማይ ላይ አዲስ ነገር ታየ፤ ከቆርቆሮ ክዳን በላይ ብቅ ያለ የድንጋይ ጭስ ማውጫ። ምድጃው ከመሐል ቤት ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ገባ። ጭሱ በቤቱ ውስጥ መንሸራሸሩን ትቶ በጠባብ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ መውጣት ጀመረ። ጥቀርሻውም እንደዚያው፤ በጣሪያ ሙሉ ተበታትኖ ይታይ የነበረው አሁን ማንም በማያየው ቀዳዳ ውስጥ ይጋገር ያዘ። የሣር መጥረጊያ በእንጨት ጫፍ አስሮ ማራገፍ አበቃ። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ነገር ያስፈልጋል።

ፈረንጆቹ ያ ነገር ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ለማወቅ ግን ብዙ ሕይወት ከፍለዋል። በእንግሊዝ አገር ለረጅም ዘመን ጭስ ማውጫ የሚጠርገው ሕፃን ነው። ገና የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ በጠባቡ ቀዳዳ ሽቅብ ይሰደድና በክርኑና በጉልበቱ እየተሳበ ጥቀርሻውን ይፍቃል። እ.ኤ.አ. በ1775 የለንደኑ ቀዶ ጠጋኝ ፐርሲቫል ፖት በእነዚህ ልጆች ላይ ካደጉ በኋላ የሚወጣው ካንሰር ከጥቀርሻው እንደሚመጣ ጻፈ፤ ካንሰርን ከሥራ ጋር ያያያዘ የመጀመሪያው ጽሑፍ ተብሎ ይጠቀሳል። ጆርጅ ስማርት የተባለ ሰው በ1803 በዘንግ የሚገፋ መጥረጊያ ፈለሰፈ፤ የብሪስቶሉ ጆሴፍ ግላስ በ1828 አሻሻለው። ተጣጣፊ ዘንጎች አንዱ በሌላው ላይ እየተቀጠሉ ጫፋቸው ላይ ክብ ብሩሽ ይታሰራል፤ አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ብሩሹ ተፈልስፎም ባለቤቶቹ «ልጅ ይሻላል፣ ጥግ ጥጉን ያገኘዋል» እያሉ አልቀበል ብለው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ጆርጅ ብሪውስተር የሚባል ልጅ በጭስ ማውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ከሞተ በኋላ በ1875 ጠንካራው ሕግ ወጣ። የትክክለኛ ብሩሽ ታሪክ ከዚህ ነው የሚጀምረው፤ ብሩሹ የልጅ ገላ ምትክ ነው።

የካና ቀበና ላይ የተሠሩት ጭስ ማውጫዎች ሌላ ጠባይ ነበራቸው። ድንጋዩ የአገር ድንጋይ ነው፤ ማያያዣውም በየቤቱ ሲሚንቶ አልነበረም፤ ብዙው በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዘ ነው። በለንደን ሸክላ ጡብ ላይ የሚሠራ ጠንካራ የብረት ብሩሽ በጭቃ የተያያዘ ጭስ ማውጫ ውስጥ ሲገባ ጥቀርሻውን ብቻ ሳይሆን የድንጋዩን ማያያዣ ጭምር እየፋቀ ያወርዳል። ማያያዣው ሲለቅ በስንጥቁ ጭሱ ወደ ክፍሉ፣ ፍንጣሪውም ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ለእንዲህ ያለው ብረት ያልሆነ ጭራና ለስለስ ያለ እጅ ይበጀዋል፤ ቀዳዳው አራት ማዕዘን ስለሆነም ክብ ብሩሽ አራቱን ጥግ ሳይነካ ያልፋል። ብሩሹም እንደ ቀዳዳው ቅርፅ ባለ አራት ማዕዘን መሆን አለበት።

ምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ላሜራ በብዛት መምጣት ቻለ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከተማውን ሲይዝ ደግሞ የዳቦ ምድጃው ተስፋፋ፤ ወረራው በ1933 ዓ.ም. ሲያበቃ ጣልያኖቹ ሄደው ፎርኖው ቀረ። ሸክላ ጡብ የተደረደረበት፣ እንደ ዋሻ የጎበጠ፣ ሌሊቱን በባሕር ዛፍ ፍልጥ ሲነድ የሚያድርና ማለዳ ለሰፈሩ ዳቦ የሚያወጣ ምድጃ ነው። ከጭስ አንጻር ፎርኖ ጨዋ ነው። ፍልጡ ደርቆ ይገባል፣ እሳቱ ኃይለኛ ነው፣ ጡቡ ይግላል፤ ስለዚህ ጭስ ማውጫው ላይ የሚቀረው በብዛት ደረቅ ብናኝ ነው። ማንኛውም የጭራ ብሩሽ ያነሣዋል። እሳቱ ታፍኖ እርጥብ እንጨት የሚነድበት ምድጃ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ጋ በኋላ እንደርሳለን።

በሚቀጥሉት አርባ ዓመታት የከተማው ሀብታም ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድና ወደ ላምባ ምድጃ አዘነበለ። ድሀው በእንጦጦ ቀረ። ከየካ ኮረብቶች፣ ከኮተቤና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ካለው ጫካ ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል እየለቀሙ፣ ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ከተሸካሚዋ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ። በ1967 ዓ.ም. የገጠርና የከተማ መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን የባላባቶቹ የባሕር ዛፍ ይዞታ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ገባ፤ ተሸካሚዋም ከጅብና ከገደል በተጨማሪ የደን ጠባቂ መፍራት ነበረባት። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን ሴቶች ያስጠናው በከንቱ አይደለም፤ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበርም የዚያ ጥረት ልጅ ነው። አባላቱ ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና ገቡ።

ቅጠሉ ለምን ይፈለጋል? የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ ቦግ ብሎ ይነድና ሰፊውን ምጣድ በአንድ ጊዜ ያግለዋል፤ እንጀራ ጋጋሪ ይህን ትወዳለች። ሳይደርቅ የነደደ ቅጠል ግን ጭሱ ከሁሉ የከፋ ነው። ቅጠሉ የሚለቀመውም የሚሸጠውም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ስለሆነ የመድረቅ ዕድል አያገኝም። የአዲስ አበባን ጥቀርሻ ከሌላው አገር ጥቀርሻ የሚለየው ይህ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የመንግሥት የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል በዓለም ባንክ በሚደገፍ ፕሮጀክት ሁለት ምድጃዎችን ይዞ ብቅ አለ። አንዱ ለከሰል የሚሆነው ላቀች ነው፤ ከኬንያ ጂኮ ምድጃ ተቀድቶ ለአገራችን እንዲስማማ የተደረገ ነው። ሁለተኛው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ሕዝብ ጉልቻውን እንዲለውጥ መለመን ቀላል አልነበረም፤ የምርጥ ምድጃ ንድፍ አውጪዎች ግን ወጡን ሳይሆን እንጀራውን አስበው ነው የተነሡት። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የተጣሉ አራት ቁራጮች ገጥመው ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፤ ከኋላ የሚገጠሙት ሁለቱ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ናቸው። እሳቱ ሲከለል ሙቀቱ አይባክንም፤ ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂ.ቲ.ዜድ. ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በየክልሉ አነስተኛ አምራቾችን እያሠለጠነ አሠራጨው፤ መንግሥትም በ2004 ዓ.ም. ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2007 ዓ.ም. 9 ሚሊዮን የተሻሻሉ ምድጃዎች ይዳረሱ ብሎ አቀደ።

የቤቱ ምርጥ ምድጃ ጭስን ቀነሰ እንጂ ጭስ ማውጫ ቱቦ አልነበረውም። ቱቦው የመጣው ለተቋማት በተሠራው ትልቁ ምርጥ ምድጃ ነው፤ በርካታ ምጣዶች ተደርድረው ጭሳቸው በአንድ ቱቦ ሽቅብ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲው፣ ማረሚያ ቤቱ፣ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ ማኅበራት ይህን ዓይነቱን ያዙ። የካ በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ ሲሆን በሥሩ ብዙ ትምህርት ቤቶችና የማኅበራት ማምረቻዎች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር የትምህርት ቤት ማድ ቤት የየቀኑ ጉዳይ ሆነ። በማገዶ በሚሠሩት ማድ ቤቶች ቁርስና ምሳ የሚያበስሉ እናቶች ከማለዳ ጀምሮ ከእሳቱ አጠገብ ናቸው፤ ከእነሱና ከጭሱ መካከል ያለው ያ ቱቦ ብቻ ነው።

ቱቦው ብዙውን ጊዜ ላሜራ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም የሰፈር በያጅ ጋ ተጠቅልሎ፣ ተበይዶ ወይም ተቆልፎ ይመጣል። ተገጥሞ ሲያበቃ ሁሉም ይረሳዋል። ከወራት በኋላ ግን ጭሱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጋጋሪዎቹ «ምድጃው ተበላሸ» ይላሉ፤ አንዳንዱም ቱቦውን አውልቆ ጥሎ ጭሱን በመስኮት ይለቃል። ምድጃው ግን አልተበላሸም። ቱቦው ጠቧል።

የሚጠበውም በምክንያት ነው። እንጦጦ ላይና ከግርጌው ባሉት ሰፈሮች አየሩ ስስ ነው፤ በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። በዚያው መጠን እሳቱ የሚያገኘው ኦክስጅንና የጭስ ማውጫው ስበት ይቀንሳሉ። ላይ የእንጦጦ ብርድ ቱቦውን ያቀዘቅዘዋል። ከታች ደግሞ ያልደረቀ ቅጠልና ጭራሮ አለ። በደንብ ሳይቃጠል የወጣው ጭስ ከቀዝቃዛው ላሜራ ጋር ሲገናኝ ተንኖ የነበረው ሬንጅ መሰል ፈሳሽ እዚያው ይረጋል። ጥቀርሻው ሦስት መልክ አለው። መጀመሪያ በጣት ሲነኩት የሚረግፍ ብናኝ ነው፤ ሲሰነብት እንደ ቅርፊት የሚሰበር ይሆናል፤ በመጨረሻም የሚያብለጨልጭና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሬንጅ ይሆናል። ሦስተኛው በእሳት የሚቀጣጠል ነው፤ ቱቦው ውስጥ ቢነድ ጣሪያውን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ብሩሹን እንምረጥ። አብዛኛው ሰው እጁ ላይ የሚገኘው በየብረታ ብረት ሱቁ የሚሸጠው ባለ እጀታ ሽቦ ብሩሽ ነው፤ ለዝገት መፋቂያ የተሠራ ነው። እሱ የቱቦውን አፍ ያጸዳል፤ ከክንድ በላይ አይደርስም። የሚያስፈልገው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ክብ ሆኖ ጭራው በዙሪያው የቆመ፣ ከኋላው ዘንግ የሚቀጠልበት ብሩሽ ነው። ከሁሉ በፊት የቱቦው የውስጥ ስፋት ይለካል፤ የውጩ አይደለም። ብሩሹ ከውስጡ ስፋት እኩል ወይም እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ መሆን አለበት። ካነሰ መሐል ለመሐል ይሄድና ግድግዳውን ሳይነካ ይወጣል፤ ብዙ ከበለጠ ይቀረቀራል።

ጭራው ከምን ይሠራ የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጠንካራው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስለዋል። የብረት ሽቦ ለጡብና ለሲሚንቶ ማውጫ ነው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ላይ ሲገባ ዚንኩን ይቧጭራል፤ ቡጭሩ ላይ እርጥብ ጥቀርሻ ሲተኛበት ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ በሁለተኛው ክረምት ቀዳዳ ይወጣዋል። ለላሜራና ለማይዝግ ብረት ቱቦ የሚሻለው ጠንካራ የፕላስቲክ ጭራ ነው። ፕላስቲኩ ግን ሙቀት አይችልም፤ ምድጃው ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ቢቻል ሌሊቱን አድሮ መሆን አለበት። ሌላም ልዩነት አላቸው፤ የሽቦ ብሩሽ ጭራው ወደ ኋላ ተቀልብሶ በቱቦው መሐል ሊመለስ አይወድም። አንዴ ከገባ እስከ ጫፍ ገፍቶ አውጥቶ ነው የሚመለሰው፤ መሐል ላይ ቢጎትቱት ጠልፎ ይይዛል፤ ዘንጉን ሰብሮ ብሩሹን እዚያው ማስቀረት የተለመደ ጉድ ነው። የፕላስቲኩ እየተመላለሰ ይሄዳል። ቱቦው ክርን ካለው ዘንጉ የሚተጣጠፍ መሆን አለበት፤ የብረት ቱቦ ዘንግ ክርኑ ላይ ይቆማል።

በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች የሚገኘው የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቱቦ ላይ ግን ምንም ብሩሽ አይመረጥም። ሲፋቅ የሚያወጣው ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው፤ በኃይለኛ ሙቀትም ይሰነጠቃል። የእንጨት ምድጃ ማውጫ መሆን አልነበረበትም፤ በባለሙያ ተነሥቶ ይቀየር። ሦስተኛው ዓይነት፣ የሚያብለጨልጨው ሬንጅም በብሩሽ አይነሣም። የፕላስቲኩ ያንሸራትተዋል፤ የብረቱ መስመር መስመር እያወጣበት ይለቀዋል። እዚህ ደረጃ የደረሰ የላሜራ ቱቦ አውልቆ አዲስ መግጠም ከትግሉ ይረክሳል።

ለጭስ ማውጫ ተብሎ የተሠራ ብሩሽ በየካው ሾላ ገበያ ዙሪያ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ያን ያህል የምድጃ ፕሮጀክት ሲቀረጽ ቱቦው ተሰልቷል፣ ሲሚንቶው ተሰልቷል፣ የሚተርፈው ማገዶ በመቶኛ ተሰልቷል፤ ብሩሹ ግን እንደ ዕቃ የታሰበ አይመስልም። ይህን ግድየለሽነት አልለዋለሁ። ምድጃውን የሚሠሩት እጆች ብሩሹን መሥራት አያቅታቸውም። የጠንካራ መጥረጊያ የፕላስቲክ ጭራ በሁለት በተጠማዘዙ ወፍራም ሽቦዎች መካከል አስገብቶ፣ አዙሮና እንደ ቱቦው ስፋት ከርክሞ የሚሠራ ነገር ነው። ዘንግ ከሌለ ገመድ ያገለግላል፤ ከላይ አንድ ሰው፣ ከታች አንድ ሰው ሆነው ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ጭራሮ ይለቀምበት የነበረው ጫካ የእግር መንገድ፣ የብስክሌት መንገድና ካፌ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎም በዚያው ተራራ ላይ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ለመተካት ሥራ ተጀምሮ ነበር። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀን እየቀረበ ነው ማለት ይቻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብዙ ኃይል ይጎትታል፤ ኑሮው ለቆጣሪ ያልደረሰ፣ መብራት ሲጠፋም ወደ ማገዶ የሚመለስ ቤት ገና ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም ላይ በዓመት የሚሞተውን ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 3.2 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ገምቶታል። በማገዶ የሚሠራ ማድ ቤት እስካለ ድረስ ቱቦው መጠረግ አለበት።

ስለዚህ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የምታስተዳድሩ፣ የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን፣ የማኅበር ሊቀ መናብርት፣ ዳቦ ቤት ያላችሁ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ያዙ፤ አንዱን በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሌላውን በመስከረም፣ እርጥብ ማገዶ ሲነድ ከከረመ በኋላ። በየቀኑ የሚነድ ከሆነ በየወሩ የቱቦውን አፍ ከፍታችሁ እዩት፤ ጥቀርሻው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከወፈረ ቀጠሮውን አትጠብቁ። ምድጃ ስታሠሩም በያጁን ከቱቦው ጋር በልኩ የተከረከመ ብሩሽ እንዲያስረክባችሁ በውሉ ላይ አስገቡ።